የሲሚንቶ ወፍጮን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ለመቀነስ፦ ከመለካት እስከ ማስተካከል

ሲሚንቶ ከድንጋይ ካባ ተነሥቶ ከረጢት ውስጥ እስኪገባ ድረስ ሦስት ጊዜ ወፍጮ ያጋጥመዋል። መጀመሪያ የኖራ ድንጋዩና ሸክላው ወደ ምድጃ ከመግባታቸው በፊት ይፈጫሉ፤ ቀጥሎ ምድጃውን የሚያነደው የድንጋይ ከሰል ይፈጫል፤ በመጨረሻም ክሊንከሩ (ከምድጃው ተቃጥሎ የወጣው ጠጠር) ከጂፕሰምና እንደ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ካሉ ተጨማሪዎች ጋር ይፈጫል። አንድ ፋብሪካ ለአንድ ቶን ሲሚንቶ ከሚያወጣው ከ90 እስከ 110 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚሆን ኤሌክትሪክ ውስጥ ከግማሽ በላዩ፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው፣ የሚያልቀው በእነዚህ ወፍጮዎችና አብረዋቸው በሚሠሩት ማራገቢያዎች ላይ ነው። የመጨረሻው ወፍጮ ብቻውን በቶን ከ30 እስከ 45 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም በኩንታል ከ3 እስከ 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው ይህንኑ የመጨረሻውን ወፍጮ ነው፤ ይኸውም ሁለት ክፍል ያለውን፣ በብረት ኳስ የሚፈጨውንና ከሴፓሬተር (የላመውን ዱቄት ከሸካራው ከሚለየው መሣሪያ) ጋር በዝግ ዑደት የሚሠራውን ነው፤ ማለትም ሸካራው ተመልሶ ይፈጫል። በአገራችን ፋብሪካዎችም ሆነ በሌላው ዓለም ይህ ዓይነቱ ወፍጮ አሁንም በብዛት ይገኛል። ወደ ወፍጮው ከሚገባው ጉልበት ቅንጣትን ለመስበር የሚውለው ጥቂት ከመቶ ብቻ ሲሆን የቀረው ሙቀትና ጩኸት ሆኖ ይጠፋል። ይህን ተፈጥሮውን መለወጥ አይቻልም፤ በቸልታ የሚጨመርበትን ብክነት ግን ማስወገድ ይቻላል። ከዚህ በታች የተቀመጠው ቅደም ተከተል ገንዘብ ከማይጠይቀው ሥራ ጀምሮ ብዙ ገንዘብ ወደሚጠይቀው የሚሄድ ስለሆነ ባይዘለል ይመረጣል።

ደረጃ 1፦ መነሻውን መለካት

በመጀመሪያ የሚለካው ምን ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይወሰን። የዋናው ሞተር፣ የሴፓሬተሩ፣ የማራገቢያዎቹ፣ የባኬት ኤሌቬተሩና የማጓጓዣዎቹ ፍጆታ ተለያይቶ ቢመዘገብ፣ ቁጥሩ ሲጨምር ጥፋቱ የት እንዳለ ወዲያው ይታወቃል። አንድ ቆጣሪ ብቻ ያለው ክፍል ግን «ፍጆታችን ጨመረ» ከማለት የሚያልፍ ነገር ሊናገር አይችልም።

ቀጥሎ ሚዛኖቹ ይፈተሹ። ክሊንከር፣ ጂፕሰምና ፑሚስ የሚመዝኑት ቀበቶዎች በ3 ከመቶ ቢሳሳቱ፣ በቶን የሚሰላው ፍጆታም በዚያው ልክ ይሳሳታል፤ ከዚያ በኋላ የሚገኘው «መሻሻል» የሚዛን ስሕተት ሊሆን ይችላል። ከሚዛኑ ቀጥሎ የሁለትና የሦስት ሳምንት መረጃ በየሲሚንቶው ዓይነት ተለይቶ ይሰብሰብ። የኦፒሲን (መደበኛው ሲሚንቶ) እና የፒፒሲን (ፑሚስ የተጨመረበት) ፍጆታ ደምሮ አማካይ ማውጣት የምርቱን ድርሻ እንጂ የወፍጮውን ጤና አያሳይም።

ወፍጮው ምርት ሳይሰጥ የበላው ኤሌክትሪክም ለብቻው ይጻፍ። መብራት ተቋርጦ ሲመለስ፣ የሲሎ ቦታ ጠፍቶ ሲቆም፣ ወይም ባዶውን ሲሽከረከር የሚባክነው ጉልበት በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። በቀን ሦስት ጊዜ የሚነሣና የሚቆም ወፍጮ፣ በተነሣ ቁጥር ዑደቱ እስኪረጋጋ ድረስ ከደረጃ ውጪ የሆነ ዱቄት እያወጣ ኤሌክትሪኩን ይበላል።

ደረጃ 2፦ ዱቄቱ ምን ያህል መላም እንዳለበት መወሰን

በቤት ወፍጮ ቢሆን የላመ ዱቄት ሁልጊዜ ይመረጣል፤ በሲሚንቶ ግን ከሚያስፈልገው በላይ የላመ ዱቄት የተቃጠለ ገንዘብ ነው። ምክንያቱን የቦንድ ቀመር በግልጽ ያሳያል። በዚህ ቀመር መሠረት የሚያስፈልገው ጉልበት የሚሰላው በቅንጣቱ መጠን ዳግም ሥር ተገላቢጦሽ ልዩነት ነው። ስለዚህ 10 ሚሊሜትር የሆነውን ክሊንከር ወደ 100 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ማድረስ፣ ከ100 ማይክሮን ወደ 25 ማይክሮን ከመውረድ ያነሰ ጉልበት ይጠይቃል፤ ለመጀመሪያው የሚሰላው 0.09 ሲሆን ለሁለተኛው 0.10 ነው። መጠኑ መቶ እጥፍ የቀነሰበት ጉዞ አራት እጥፍ ብቻ ከቀነሰበት ጉዞ ይረክሳል። ውዱ መንገድ የመጨረሻው ነው።

በተግባር ሲገመት ፍጆታው ከብሌይን ቁጥሩ (የአንድ ግራም ዱቄት ቅንጣቶች ጠቅላላ ገጽ፤ ዱቄቱ በላመ ቁጥር ይጨምራል) ጋር በ1.4 ኃይል ገደማ ያድጋል። ብሌይኑ ከ3,200 ወደ 3,800 ካሬ ሴንቲሜትር በግራም ሲጨምር የኤሌክትሪክ ፍጆታው ወደ 27 ከመቶ ገደማ ይጨምራል ማለት ነው። እንግዲህ ላቦራቶሪው «ለጥንቃቄ» ብሎ የሚጨምራት 200 ነጥብ ነፃ አይደለችም።

ስለዚህ የጥራት ክፍሉና የምርት ክፍሉ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው መነሻውን ከብሌይን ሳይሆን ከጥንካሬው ያድርጉ። የአውሮፓው ኢኤን 197-1 ደረጃ ለመደበኛ ሲሚንቶ የብሌይን ወሰን አያስቀምጥም፤ የሚጠይቀው ጥንካሬን ነው። ለምሳሌ የ42.5 መደብ ሲሚንቶ በ28 ቀን ከ42.5 እስከ 62.5 ሜጋፓስካል፣ በሁለት ቀን ደግሞ ለመደበኛው ቢያንስ 10፣ ፈጥኖ ለሚጠነክረው ቢያንስ 20 ሜጋፓስካል እንዲሰጥ ይፈለጋል። የሦስት ወር የፍተሻ ውጤት ተደርድሮ ሲታይ ጥንካሬው ከሚፈለገው በብዙ የሚበልጥና መዋዠቁም ትንሽ ከሆነ፣ ልመቱን ቀስ በቀስ፣ በአንድ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ነጥብ እየቀነሱ መሞከር ይቻላል። መዋዠቁ ትልቅ ከሆነ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው መዋዠቁን ማጥበብ ነው፤ ፋብሪካው ዱቄቱን ከልክ በላይ የሚያልመው ብዙ ጊዜ መጥፎውን ቀን ፈርቶ ነውና።

እዚህ ላይ ፑሚስ ለሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፑሚስ ከክሊንከር ይልቅ ለስላሳና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ አብሮ ሲፈጭ እርሱ ቀድሞ ይልማል፤ የብሌይኑን ቁጥርም ወደ ላይ ይሰቅለዋል። በዚህ ጊዜ ብሌይኑ 4,500 ቢያሳይም ጥንካሬ የሚሰጠው ክሊንከር ገና ሸካራ ሊሆን ይችላል። የፒፒሲ ልመት በብሌይን ብቻ ከተመራ ወፍጮውም ደካማ ሲሚንቶ ይሰጣል፣ ኦፕሬተሩም ይታለላል። ስለዚህ በ45 ማይክሮን ወንፊት ላይ የሚቀረው መጠን ዋናው የመቆጣጠሪያ ቁጥር ይሁን፤ ብሌይኑ አጋዥ ሆኖ ይቆይ።

ደረጃ 3፦ ወፍጮውን በድንገት አቁሞ ውስጡን ማየት

የድንጋይ ወፍጮ ሲዶለዱም ይወቀራል፤ የፋብሪካውም ወፍጮ ተከፍቶ ሳይታይ ከሁለትና ከሦስት ወር በላይ ሊቆይ አይገባም። በእኔ ግምት ከዚህ መመሪያ አንድ ደረጃ ብቻ የመሥራት ዕድል ያለው ሰው ይህንን ይምረጥ።

ወፍጮው ቢያንስ ለስድስት ሰዓት በተለመደው ምርት ተረጋግቶ ይሥራ፤ የምግቡ (ወደ ወፍጮው የሚገባው ቁስ) መጠን፣ የተመላሹ (ከሴፓሬተሩ የሚመለሰው ሸካራ) መጠን፣ የሞተሩ ኪሎዋትና የመውጫው ሙቀት ይመዝገቡ። ከዚያም ምግቡ፣ ወፍጮው፣ ሴፓሬተሩና ማራገቢያዎቹ በአንድ ጊዜ ይቁሙ። ምግቡን አስቀድሞ አቋርጦ ወፍጮውን ማሽከርከር ውስጡን ያራግፈዋል፤ የሚታየውም እውነተኛው ሁኔታ አይሆንም።

ማንም ሰው ከመግባቱ በፊት የዋናውና የረዳት ሞተሩ ማብሪያዎች በእያንዳንዱ ገቢ የግል ቁልፍ ይቆለፉ፤ ወፍጮው ወዲያና ወዲህ መወዛወዙን ጨርሶ ፍሬኑ ይያዝ፤ አየሩና ሙቀቱ ይለካ፤ ውጪ የሚጠብቅ ሰው ይመደብ። ብቻውን የሚገባ ሰው አይኑር። ይህ ሁሉ ሁለት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ይውሰድ።

ውስጥ ከተገባ በኋላ የመጀመሪያው ልኬት የኳሱ ሙሌት ነው። ከኳሱ ወለል እስከ ወፍጮው ጣሪያ ያለው ከፍታ በየክፍሉ ሦስት ቦታ ይለካና አማካዩ ለወፍጮው የውስጥ ስፋት (ዲያሜትር) ይካፈል፤ ውጤቱ በ126 ተባዝቶ ከ113 ሲቀነስ ሙሌቱ በመቶኛ ይገኛል። ስፋቱ 3.8 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር ከሆነ ሙሌቱ 30 ከመቶ ገደማ ነው። ከፍታው 2.6 ሜትር ሲሆን ሙሌቱ ወደ 27 ከመቶ ይወርዳል። አሥር ሴንቲሜትር ትንሽ ትመስላለች፤ ርዝመቱ 8 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ግን ወደ 13 ቶን የሚጠጋ የኳስ ጉድለት ናት። የተለመደው ሙሌት ከ28 እስከ 32 ከመቶ ነው። ከዚህ ዝቅ ሲል ምርቱ ይቀንሳል፤ በቶን የሚወጣው ኤሌክትሪክ ግን አንዳንዴ ጥቂት ሊሻሻል ይችላል። ስለዚህ ገበያው ሙሉ ምርት በማይፈልግበት ወቅት 27 ከመቶ ላይ መቆየት የግድ ጥፋት አይደለም።

ሁለተኛው የዱቄቱ ከፍታ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ቁሱ የኳሶቹን መካከል ሞልቶ ከላይ ኳሶቹ እንዲታዩ ያስፈልጋል። ኳሶቹ ተራቁተው ቁሱ ወደ ታች ከወረደ ብረት ብረትን ይመታል፤ ጩኸቱ ይጨምራል፣ ላይነሩ (የወፍጮውን ውስጥ የሚሸፍነው የብረት ሳህን) ይሰነጠቃል፣ ጉልበቱም በከንቱ ይፈሳል። ኳሶቹ በቁስ ከተቀበሩ ደግሞ ምቱ ይታፈናል፤ የዳያፍራሙ (ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ) ቀዳዳዎች በተሰበረ ኳስና በቁራጭ ብረት መደፈናቸውን ማየት ያስፈልጋል። ዳያፍራሙ ከተደፈነ አየሩም ስለሚታገድ፣ ሌላው ሁሉ ቢስተካከል ወፍጮው አይድንም።

ሦስተኛው ናሙና ነው። ከመግቢያው ጀምሮ በየአንድ ሜትሩ፣ ከኳሱ ወለል በታች ሃያ ሴንቲሜትር ያህል ተቆፍሮ፣ ከመካከልና ከሁለቱ ጎኖች የተወሰደው ይቀላቀልና በየወንፊቱ ይነፋ። የቀረው መጠን ከርዝመቱ ጋር በወረቀት ላይ ሲሣል ወፍጮው የት እንደሚሠራና የት እንደሚተኛ ይናገራል። የመጀመሪያው ክፍል ሥራ መሸርከት፣ የሁለተኛው ማላም ነው። ከዳያፍራሙ በፊት በ2.5 ሚሊሜትር ወንፊት ላይ ከ5 ከመቶ በላይ ከቀረ የመጀመሪያው ክፍል ሥራውን አልጨረሰም፤ ትላልቆቹ ኳሶች አንሰዋል፣ ወይም ማንሻ ላይነሩ ተበልቷል ማለት ነው። በተቃራኒው መስመሩ ከክፍሉ እኩሌታ በኋላ ምንም ሳይወርድ ተጋድሞ ከታየ፣ የክፍሉ ግማሽ ለምንም የማይጠቅም ሽክርክሪት ነው፤ በሁለተኛው ክፍል ይህ ሲሆን ኳሶቹ ለዱቄቱ ከመጠን በላይ ትልቅ መሆናቸውን ያሳያል።

ደረጃ 4፦ የኳሱን ስብጥር ማስተካከል

በመጀመሪያው ክፍል ከ90 እስከ 60 ሚሊሜትር፣ በሁለተኛው ከ50 ጀምሮ እስከ 17 ሚሊሜትር ድረስ የሚወርዱ ኳሶች የተለመዱ ናቸው። ወደ ወፍጮው የሚገባው ክሊንከር አስቀድሞ በክሬሸር ወይም በሮለር ፕሬስ የሚደቅ ከሆነ 90 ሚሊሜትሩ አያስፈልግም። በሁለተኛው ክፍል ኳሶቹ ያነሱ በሆኑ መጠን በአንድ ቶን ያለው የመፈጫ ገጽ ይበዛል፤ ነገር ግን የመውጫው ግድግዳ ቀዳዳ ትንሹን ኳስ እንዳያሳልፍ፣ ኳሶቹን በመጠን የሚለየው ላይነርም እንዳልተበላ መረጋገጥ አለበት። ላይነሩ ከሞተ ትላልቆቹ ወደ መውጫው፣ ትናንሾቹ ወደ መግቢያው ይሄዳሉ፤ ያ ደግሞ ከሚፈለገው ተቃራኒ ነው።

ኳስ በሚጨመርበት ጊዜ እያንዳንዱ ቶን የሞተሩን ኪሎዋት ስንት እንደሚያሳድግ ይመዝገብ። ይህ ሰንጠረዥ አንድ ጊዜ ከተዘጋጀ፣ ከዚያ በኋላ ኪሎዋቱ ሲወርድ ስንት ቶን እንዳለቀ ወፍጮውን ሳይከፍቱ መገመት ይቻላል። የሚጨመረው ትልቁ መጠን ብቻ ይሁን፤ ትናንሾቹ ከትልቆቹ መበላት ይመጣሉ።

ደረጃ 5፦ ሴፓሬተሩን መመርመር

ወፍጮው የፈጨውን ዱቄት ሴፓሬተሩ በትክክል ካልለየው፣ የላመው ዱቄት ከተመላሹ ጋር ተመልሶ ይፈጫል፤ የኳስ ምትን የሚያለዝብ ፍራሽ ይሆናል። ምርመራው ከሦስት ቦታ፣ ማለትም ከሴፓሬተሩ መግቢያ፣ ከተመላሹና ከምርቱ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ናሙና በመውሰድ ይጀመራል።

በ45 ማይክሮን ወንፊት ላይ ከመግቢያው 40፣ ከተመላሹ 60፣ ከምርቱ 10 ከመቶ ቀረ እንበል። ከተመላሹ የምርቱ ሲቀነስ 50፣ ከተመላሹ የመግቢያው ሲቀነስ 20 ይሆናል፤ 50 ለ20 ሲካፈል የዑደቱ ቁጥር 2.5 ነው። ይህም አንድ ቶን ሲሚንቶ ለማግኘት ሁለት ቶን ተኩል ወደ ሴፓሬተሩ ይገባል ማለት ነው። በዘመናዊ ሴፓሬተር ከ2 እስከ 3 ያለው ጤናማ ነው። ናሙናዎቹ በሌዘር መለኪያ ሙሉ ሥርጭታቸው ከተለካ የትሮምፕ ከርቭ (ከእያንዳንዱ የቅንጣት መጠን ምን ያህሉ ወደ ተመላሹ እንደሚሄድ የሚያሳይ መስመር) ይሣል፤ የከርቩ ዝቅተኛ ነጥብ ሳይለይ የሚያልፈውን ድርሻ ያሳያል። ይህ ድርሻ በጥሩ ሴፓሬተር ከ10 እስከ 15 ከመቶ ሲሆን በአሮጌዎቹ ከ40 ሊያልፍ ይችላል። ቁጥሩ ከፍ ካለ አዲስ ሴፓሬተር ከመጠየቅ በፊት የተበሉ ምላሶችና የላሉ ማሸጊያዎች፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚወርድ ምግብ፣ እንዲሁም ያነሰ አየር መኖራቸው ይፈተሽ።

ደረጃ 6፦ አየሩን ማስተካከል

በዝግ ዑደት ከኳሱ በላይ ባለው ባዶ ቦታ የሚያልፈው አየር በሰከንድ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ቢፈጥን ይመከራል። ስፋቱ 3.8 ሜትር፣ ሙሌቱ 30 ከመቶ በሆነ ወፍጮ ባዶው ቦታ 8 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በሰከንድ 1.2 ሜትር ሲሰላ በሰዓት ወደ 34,000 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ይህ የሚለካው በወፍጮው መውጫ እንጂ በማራገቢያው ላይ አይደለም፤ በመካከሉ በተቀደደ ማሸጊያ የሚገባው የውጪ አየር ማራገቢያውን እያደከመ ለወፍጮው ምንም አይጠቅምም።

በደጋ ለተተከሉ ፋብሪካዎች የሚጨመር ማሳሰቢያ አለ። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ የአየሩ ክብደት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ቅንጣት ለመሸከምና ሙቀት ለማውጣት የሚበቃው አየር በሜትር ኩብ ሲለካ ከካታሎጉ ይበልጣል። በቆላ አገር የተሠራ ስሌትን እንዳለ መገልበጥ ወፍጮውን ያፍነዋል።

ማራገቢያው ከሚፈለገው በላይ አየር የሚሰጥ ከሆነ በመዝጊያ ከማነቅ ይልቅ ፍጥነቱን መቀነስ ይሻላል። የማራገቢያ ጉልበት ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ስለሚሄድ ፍጥነቱ ወደ 80 ከመቶ ሲወርድ ጉልበቱ ወደ 51 ከመቶ ይወርዳል። ዱቄትን በአየር የሚገፋ ማጓጓዣ ካለም በባኬት ኤሌቬተር መተካቱ ይጠና፤ በዚህ ዘርፍ ከሚደረጉ ወጪዎች ቶሎ ከሚመለሱት አንዱ ነው።

ደረጃ 7፦ ሙቀት፣ እርጥበትና የመፍጫ አጋዥ

የሲሚንቶው መውጫ ሙቀት ከ110 እስከ 115 ዲግሪ ሴልሺየስ ባያልፍ ይመረጣል። ከዚያ በላይ ጂፕሰሙ ውሃውን እያጣ ስለሚሄድ ሲሚንቶው በሚቦካበት ጊዜ ያለጊዜው የጠነከረ ይመስላል፤ ዱቄቱም በኳሱ ላይ ይለጠፋል። ክሊንከሩ ከ100 ዲግሪ በታች ሆኖ መግባቱ፣ ካልበቃም በሁለተኛው ክፍል ውሃ መርጨት መፍትሔ ነው። ፑሚሱ በክረምት እርጥብ ሆኖ ከገባ ግን ችግሩ ይገለበጣል፤ ዳያፍራሙ ይለጠፋል፣ ምርቱ ይወድቃል። በዚህ ጉዳይ በፑሚሱ ክምር ላይ የሚሠራ ጣሪያ ከብዙ የወፍጮ መሣሪያ ይልቅ ይጠቅማል።

የመፍጫ አጋዥ ኬሚካል በቶን ከ200 እስከ 500 ግራም ሲጨመር ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋል። ዱቄቱ በወፍጮው ውስጥ በፍጥነት ስለሚፈስ የተመላሹ መጠን ይለወጣል፤ ኦፕሬተሩ ምግቡንና የሴፓሬተሩን ፍጥነት ካላስተካከለ የኬሚካሉ ዋጋ ብቻ ይተርፋል። ሙከራው ቢያንስ ለሦስት ቀን፣ ሌላ ምንም ሳይለወጥ፣ አንድ ዓይነት ክሊንከር እየተመገበ ይደረግ።

ደረጃ 8፦ አዲስ መሣሪያ ሲታሰብ

ከላይ ያለው ሁሉ ከተሠራ በኋላ የሚቀረው ትልቅ ቁጠባ ያለው በአፈጫጨቱ ዓይነት ለውጥ ላይ ነው። ሮለር ፕሬስ ቁሱን በሁለት ሲሊንደሮች መካከል በከፍተኛ ግፊት ያደቀዋል፤ ጀርመናዊው ክላውስ ሾነርት ያዳበረው ይህ ዘዴ ከ1980ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ በሲሚንቶ ኢንዱስትሪ ገብቷል። ቨርቲካል ሚል ደግሞ መፍጨትን፣ ማድረቅንና መለየትን በአንድ ቤት ያከናውናል። ሁለቱም ከኳስ ወፍጮ ጋር ሲነጻጸሩ ፍጆታውን ከሩብ እስከ 40 ከመቶ ሊቀንሱ ይችላሉ። ቨርቲካል ሚሉ ከሚቆጥበው ላይ የማራገቢያው ድርሻ መቀነስ እንዳለበት ግን አይዘንጋ፤ ሻጩ የዋናውን ሞተር ብቻ ሲጠቅስ ይህ ይሰወራል።

ውል በሚፈረምበት ጊዜ የሚረጋገጠው ኪሎዋት ሰዓት በየትኛው የሲሚንቶ ዓይነት፣ በስንት ብሌይንና በ45 ማይክሮን ላይ በስንት ቀሪ እንደሚለካ፣ የትኞቹ ሞተሮች እንደሚደመሩ፣ የሚዛኑን ትክክለኛነት ማን እንደሚያረጋግጥ ተለይቶ ይጻፍ። የክሊንከሩም ናሙና ከፊርማው በፊት በሁለቱም ወገን ታሽጎ ይቀመጥ፤ የፍተሻው ቀን ቁጥሩ ሳይደርስ ሲቀር መጀመሪያ የሚከሰሰው የክሊንከሩ ጥንካሬ ነው።